አሻጋሪ፤ «መሻገር» ስለሚባለው ቃል ፍችና አገባብ

ሰው ዘወትር የሚናገረው ቃል ብዙውን ጊዜ አስቀድሞ የአንድ ሥራ ቃል የነበረ ነው። ገበሬ ከእርሻው፣ ሸማኔ ከመወርወሪያው፣ ነጋዴ ከሚዛኑ፣ ባለ ታንኳም ከመቅዘፊያው ቃል አውጥቶ ለወንድሙ ያበድረዋል። ተበዳሪውም ሲናገርበት ይኖርና ከማን እንደ ተበደረው ይረሳዋል። «ወሬ ዘራ» የሚባለው ሰው ዘር ይዞ ወደ እርሻ አልወጣም፤ «ተንኰል ጐነጐነ» የሚባለውም ሰው በእጁ ፈትል አልያዘም። ቃሉ ግን ከሥራው እንደ መጣ አሁንም ይመሰክራል።

ዛሬ ልንመረምረው ያሰብነው ቃል «መሻገር» የሚባለው ነው። ይህ ቃል ሲጀመር የውሃ ቃል ነው፤ ወንዝ ወይም ሐይቅ በመካከል ሳለ ከዚህ ዳር ተነሥቶ በወዲያኛው ዳር መቆም ማለት ነው። ነገር ግን ውሃ ለሌለበት ነገር ሁሉ እንናገርበታለን። ክረምቱን ተሻገርን፤ ክፉውን ቀን ተሻገረ፤ ዘመን የተሻገረ ወዳጅነት አላቸው እንላለን። ይህን መናገራችን መልካም ነው። የቃሉን መነሻ ስንረሳው ግን የሚጎድልብን ነገር አለ፤ ቃልን ያለ ፍችው የሚናገር ሰው ሥራውንም ያለ ፍችው ሊሠራው ይችላልና። ይልቁንም በትምህርት ቤት ይህ ዓይነቱ ስሕተት በልጅ ላይ ጉዳት ያመጣል። ስለዚህ አንባቢ ሆይ፣ ቃሉን ከተወለደበት ከውሃው ዳር እንጀምር፤ ለዚህም የአባያ ሐይቅ ዳር ይበቃናል።

ስለ ሐይቁና ስለ ታንኳው

አባያ በኢትዮጵያ ካሉት ሐይቆች ከጣና ቀጥሎ ትልቁ ነው፤ ስፋቱም ከ1,000 ኪሎ ሜትር ካሬ ይበልጣል። በስምጥ ሸለቆ ውስጥ ተኝቶ በምዕራብ የጋሞ ደጋ፣ በሰሜን የወላይታ አገር፣ በምሥራቅ የጉጂ አገር ይከቡታል። ብላቴ ከሰሜን፣ ጊዳቦና ገላና ከምሥራቅ፣ ሐሬ ከምዕራብ ይገቡበታል። ወንዞቹ ጠርገው የሚያመጡት ደቃቅ አፈር ሳይረጋ በውሃው ውስጥ ተንሳፎ ስለሚኖር መልኩ ቀላ ያለ ቡናማ ነው። ስለዚህ ቀዛፊው ከታንኳው በታች ያለውን አጥርቶ አያይም፤ አዞና ጉማሬም በዚሁ ውሃ ይኖራሉ።

ከአባያ በስተ ደቡብ ጫሞ የሚባለው ሐይቅ አለ። ሁለቱን ሐይቆች የሚለያየውን ከፍ ያለ ምድር ያገሩ ሰው «የእግዜር ድልድይ» ይለዋል። ስሙ በጥበብ የወጣ ነው፤ ሰው ያልሠራው መሻገሪያ መሆኑን ይናገራልና።

በአባያ ላይ ደሴቶች አሉ፤ ከነዚህም አንዱ ጊዲቾ ይባላል። በዚህ ደሴትና በምዕራቡ ዳር ከሚኖሩት ሰዎች መካከል ባይሶ የሚባለውን ቋንቋ የሚናገሩ አሉ፤ ቋንቋቸው ከኩሽ ወገን ሲሆን በኦሞ ወገን ቋንቋዎች ተከብቦ የኖረ ነው። የሐይቁ ሰዎች በውሃ ዳር ከሚበቅል እንደ ቡሽ ከቀለለ እንጨት ታንኳ እያሰሩ ሲቀዝፉ ኖረዋል፤ ዛሬም በሳንቃ የተሠራ ጀልባና ሞተር ያለው ጀልባ በሐይቁ ላይ ይታያል። በደሴት ለሚኖር ሰው መሻገር የምሳሌ ቃል አይደለም፤ ወደ ገበያ፣ ወደ ሐኪም፣ ወደ ለቅሶ የሚሄድበት መንገዱ ነው።

ስለ ሐይቁ ስም አንድ ነገር እንጨምር። በ1888 ዓ.ም. ቪቶሪዮ ቦቴጎ የሚባል ኢጣልያዊ ተጓዥ እዚህ ደርሶ ሐይቁን በንግሥቱ ስም «ማርጌሪታ» ብሎት ነበር። ይህም ስም በውጭ አገር ካርታ ላይ ብዙ ዘመን ተጽፎ ቈይቶአል። ነገር ግን ከወረቀቱ ወደ ሕዝቡ አፍ ሳይሻገር ቀረ። እነሆ፣ ቃላችን ለስምም እንዴት እንደሚያገለግል በዚህ ታየ።

አንድ ባለ ታንኳ የተናገረው

የቃሉን ፍች ከመጻሕፍት አስቀድሞ ያስተማረኝ አንድ ሽማግሌ ባለ ታንኳ ስለ ሆነ ነገሩን እንደ ሆነው እጽፈዋለሁ።

በጸሐፊነት ሥራዬ የአንድ ትምህርት ቤት የዓመቱን መግለጫ እንዳሰናዳ ታዝዤ ነበር። እኔም የልጆቹን ቍጥር ከመዝገቡ ገልብጬ፣ «መምህራኑ እነዚህን ሁሉ ልጆች ወደሚቀጥለው ክፍል አሻገሩ» ብዬ ጻፍሁ። ቃሉ ያማረ መስሎኝ ነበር። ከጥቂት ቀን በኋላ ለሌላ ጉዳይ ሐይቁን መሻገር አስፈለገኝና ከዳር ቆሜ ተራዬን እጠብቅ ጀመር። ባለ ታንኳው 8 ሰዎች አሳፍሮ ከዚያ በላይ አልጭንም አለ። ከቀሩት አንዱ ጐልማሳ ተቈጥቶ፣ «አባባ፣ ያኛው ባለ ጀልባ እኮ 15 ሰው ያሻግራል!» አላቸው። ሽማግሌውም ሳይቈጡ፣ «ልጄ፣ እርሱ ይጭናል፤ የጫነ ሁሉ አላሻገረም» አሉት።

እኔም ነገሩ ገርሞኝ፣ «አባቴ፣ በመጫንና በማሻገር መካከል ያለው ልዩነት ምንድር ነው?» ብዬ ጠየቅኋቸው። እንዲህም አሉኝ፤ «ጭነት የሚቈጠረው በዚህ ዳር ነው፤ መሻገር የሚቈጠረው በወዲያኛው ዳር ነው። ከዚህ ስነሣ ስንት ሰው እንደ ያዝሁ የሚጠይቀኝ የለም፤ ከዚያ ስደርስ ግን እናቶቻቸው ቆመው ይቈጥራሉ። ደግሞም እነዚህ ቢሰምጡ እኔም አብሬ እሰምጣለሁ። ከዳር ቆሜ የማሻግረው ሰው የለኝም።»

ይህን በሰማሁ ጊዜ የጻፍሁት መግለጫ ትዝ አለኝና አፈርሁ። የልጆቹን ቍጥር የወሰድሁት ከተነሡበት ዳር ነበር፤ በወዲያኛው ዳር ቆሜ አልቈጠርሁም። ኋላም ወደዚያ ትምህርት ቤት ሄጄ፣ ወደ ላይኛው ክፍል ካለፉት ልጆች ጥቂቶቹን ጠርቼ፣ ባለፈው ዓመት የተማሩበትን መጽሐፍ ገልጬ እንዲያነቡልኝ ለመንኋቸው። አንዳንዶቹ መልካም አድርገው አነበቡ። ሌሎቹ ግን ሥዕሉን አይተው በቃላቸው ያጠኑትን ይሉ ነበር እንጂ ፊደሉን አላነበቡም። ጥፋቱ የልጆቹ አልነበረም፤ «አሻገሩ» ብዬ የጻፍሁት እኔ ነበርሁ።

የቃሉ ርቢ

በግዕዝ ትምህርት ቤት ግሥ በአዕማዱ እየረባ እንደሚታይ ሁሉ ይህንም ቃል በርቢው እንመልከተው። ርቢው ፍቹን ይገልጠዋልና።

ተሻገረ ማለት ራሱ ከአንዱ ዳር ወደ ሌላው ዳር ደረሰ ማለት ነው። አሻገረ ማለት ሌላውን ይዞ አደረሰ ማለት ነው። ተሸጋገረ ማለት ቀስ በቀስ ወይም በየተራ ከአንዱ ወደ አንዱ አለፈ ማለት ነው። አሸጋገረ ማለት ብዙዎችን እየተቀበለ ከዚያ ወደዚህ አሳለፈ ማለት ነው። ከዚህም ሽግግር የሚለው ስም ይወጣል። ከደርግ ውድቀት በኋላ ከ1983 እስከ 1987 ዓ.ም. የነበረው መንግሥት «የሽግግር መንግሥት» መባሉ ከአንድ ሥርዓት ወደ ሌላ ሥርዓት መድረሻ ነው ሲሉ ነው። መሻገሪያ ሥፍራውም ዕቃውም ነው፤ ጥልቀት የሌለው የወንዝ መልካ መሻገሪያ ይባላል፤ ድልድይም ታንኳም መሻገሪያ ነው። ባሻገር ደግሞ ከዚያ ወዲያ ማለት ነው።

የሰዋስው መምህራንም ይህንኑ ቃል ተበድረዋል። «ልጁ መጽሐፉን አነበበ» ሲባል ማንበቡ ከልጁ ተነሥቶ ወደ መጽሐፉ ስለሚደርስ ግሡ «ተሻጋሪ ግሥ» ይባላል። «ልጁ ተኛ» ሲባል ግን ሥራው ከልጁ ወደ ሌላ ስለማይደርስ «ኢተሻጋሪ» ይባላል። ስለዚህ መምህሩ ይህን ትምህርት በሰሌዳ ላይ ሲጽፍ በስተ ግራ አንዱን ዳር፣ በስተ ቀኝ ሌላውን ዳር፣ በመካከልም ውሃ ቢሥል ልጆቹ ቶሎ ይረዱታል።

በግዕዝ የዚህ ቃል አቻ «ዐደወ» ነው፤ ከእርሱም «ማዕዶት» ይወጣል፤ ይኸውም መሻገር ወይም ከወዲያ ያለ አገር ማለት ነው። «ማዕዶተ ዮርዳኖስ» ሲባል ከዮርዳኖስ ወዲያ ማለት ነው። ባማርኛ «ማዶ» የምንለውም የዚሁ ቃል ልጅ ነው። በቤተ ክርስቲያናችን ከትንሣኤ እሑድ ቀጥላ የምትውለው ሰኞ «ማዕዶት» ትባላለች፤ ነፍሳት ከሲኦል ወደ ገነት መሻገራቸው የሚታሰብባት ቀን ናትና። አባቶቻችን ታላቁን ነገር ለመናገር የታናሹን ወንዝ ቃል መምረጣቸው ያስደንቃል።

ሰሙና ወርቁ

የቅኔ መምህራን ነገርን በሰምና በወርቅ ያስተምራሉ። ሰሙ ላይኛው፣ የሚታየው ነው፤ ወርቁ ውስጠኛው፣ የሚፈለገው ነው። «መሻገር» ለሚለው ቃል ሰሙ ውሃውና ታንኳው ነው፤ ወርቁ ዘመኑ፣ መከራው፣ ዕውቀቱ ነው። ወርቅ አንጥረኛው አስቀድሞ በሰም መልኩን ሠርቶ ኋላ ወርቁን እንደሚያፈስበት፣ የሰሙ መልክ ሲበላሽ ወርቁም ይበላሻል። ስለዚህ የሰሙን መልክ ለይተን እንወቅ። እርሱም አራት ነገር ነው። ፊተኛው የሚለቁት ዳር ነው። ሁለተኛው በመካከል ያለው፣ የሚያሰጋው ውሃ ነው። ሦስተኛው በእግር ረግጠው የሚቆሙበት ወዲያኛው ዳር ነው። አራተኛው፣ የሚሻገረው ሰው ብቻውን የማይችል ሲሆን፣ አብሮት በታንኳው የሚገባ አሻጋሪ ነው። ከነዚህ አንዱ ከጎደለ ቃሉ አይስማማም።

እንግዲህ ዘወትር የምንናገርባቸውን በዚህ ሚዛን እንመዝናቸው።

«ክረምቱን ተሻገርን» እንላለን። ባገራችን ክረምት ከሰኔ 26 እስከ መስከረም 25 ይቈጠራል። በዚህ ጊዜ ወንዝ ይሞላል፤ ድልድይ በሌለበት አገር ዘመድ ከዘመድ፣ ገበያ ከገበያ ይለያያል። የሚለቁት ዳር ሰኔ፣ የሚያሰጋው ውሃ ዝናቡና የእህል እጥረቱ፣ የሚቆሙበት ዳር መስከረም ነው። ቃሉ በሚገባ ይስማማል።

በዘመን መለወጫ፣ «እንኳን ከዘመነ ዮሐንስ ወደ ዘመነ ማቴዎስ በሰላም አሸጋገራችሁ» እንባባላለን። ዘመናቱ በአራቱ ወንጌላውያን ስም በየተራ ስለሚጠሩ የዚህ ምኞት ስሞች በየዓመቱ ይለወጣሉ፤ በአራተኛው ዓመትም ወደ መጀመሪያው ይመለሳሉ። «አሸጋገረ» መባሉም በከንቱ አይደለም። ተሻጋሪው ብዙ ሕዝብ ነው፤ አሻጋሪውም እግዚአብሔር ነው። ሰው ዓመቱን በራሱ ኃይል ቀዝፎ እንዳልደረሰ ያመሰግንበታል።

«ክፉ ቀን ተሻገረ» የሚባለውም እንዲሁ ነው። የ1977ቱን ረኃብ ተሻግሮ ልጆቹን ያሳደገ ሰው፣ ከ1928 እስከ 1933 ዓ.ም. የነበረውን የጠላት ዘመን የተሻገረ ቤተ ሰብ ይህ ቃል ይገባዋል። ነገር ግን ጥቂት ቀን የራበው ወይም ጥቂት የተቸገረ ሰው ሁሉ «ተሻገርሁ» ቢል ቃሉን ያረክሰዋል።

«ባሕር ተሻገረ» ማለት ወደ ውጭ አገር ሄደ ማለት ነው፤ «የባሕር ማዶ ዕቃ» እንደምንለውም ነው። በዚህ ነገር ግን ሽማግሌዎች ሊያስቡበት የሚገባ ጉዳይ አለ። ወደ ዓረብ አገር ወይም ወደ ደቡብ አፍሪካ አሻግራችኋለሁ እያለ ከወጣቶች ገንዘብ የሚቀበል ደላላ አለ። በ2012 ዓ.ም. የወጣው አዋጅ ቍጥር 1178 ሰውን በሕገ ወጥ መንገድ ድንበር ማሻገርን እንደ ወንጀል ቈጥሮ ይቀጣል። በቃላችንም ሚዛን ሲመዘን ይህ ሰው አሻጋሪ አይደለም። ገንዘቡን የሚቈጥረው በዚህ ዳር ነው፤ እርሱም ከዳር ይቀራል፤ በበረሃና በባሕር የሚሆነው ግን በልጁ ላይ ብቻ ነው። ከታንኳው የማይገባ ሰው «አሻግራለሁ» ሲል ቃሉን ሰርቆአል። አባት ልጁን፣ «አሻጋሪህ አብሮህ ይገባልን? በወዲያኛው ዳርስ ማን ቆሞ ይቈጥርሃል?» ብሎ ቢጠይቀው ብዙ ምክር ነው።

«አሻግሮ ማየት» የሚባለው ደግሞ የወደ ፊቱን ማሰብ ነው፤ እርሱም ከመሻገር ይቀድማል። ነገር ግን አሻግሮ ያየ ሁሉ ተሻገረ ማለት አይደለም፤ ዓይን ያለ ታንኳ ይሻገራል፤ እግር ግን አይችልም።

ስለ ሌሎቹ የውሃ ቃላት በአጭሩ

ከዚሁ ወገን የሆኑ ሌሎች ቃላት አሉ። ሥራን «ከዳር አደረሰ» ማለት ፈጸመ ማለት ነው፤ «ዳር ቆሞ አየ» ማለት ሌላው ሲደክም ሳይረዳ ተመለከተ ማለት ነው። ገንዘቡን ወይም ድካሙን «ውሃ በላው» ሲባል ከንቱ ሆኖ ቀረ ማለት ነው። «መልሕቅ» መርከብን በወደብ የሚያቆመው ከባድ ብረት ሲሆን፣ ሐዋርያው ለዕብራውያን በጻፈው መልእክት ተስፋን በእርሱ መስሎታል። «ሞገድ» ዛሬ ለራዲዮ ድምፅ መንገድም ይነገራል። «ወደብ» ከባሕር ርቆ በሞጆ ለተሠራው የዕቃ ማራገፊያ እንኳ ሆኖ «ደረቅ ወደብ» ተብሏል። ቃል ከውሃ ወጥቶ በደረቅ ምድር እንደሚኖር ከዚህ የበለጠ ምስክር አያሻም።

ተሻገረ፣ አለፈ፣ ተዛወረ

እነዚህ ሦስት ቃላት በትምህርት ቤት እንደ አንድ ቃል ሲነገሩ ይሰማል፤ ፍቻቸው ግን ይለያያል።

«ተዛወረ» ማለት ከአንድ ስፍራ ወደ ሌላ ስፍራ ተለወጠ ማለት ነው። ሠራተኛ ከቢሮ ወደ ቢሮ ይዛወራል፤ ዕቃም ከቤት ወደ ቤት ይዛወራል። በልጅ የውጤት ካርድ ላይ «ወደሚቀጥለው ክፍል ተዛውሯል» ተብሎ ይጻፋል። ይህ ቃል እውነተኛ ነው፤ ልጁ ከእንግዲህ በየትኛው ወንበር እንደሚቀመጥ ይናገራል እንጂ ስለሚያውቀው ነገር አይመሰክርም። «አለፈ» ማለት የተመደበለትን ልክ አገኘ ማለት ነው፤ ይህም ፈተናው እንደ ተዘጋጀበት መጠን ነው። «ተሻገረ» ግን ካለማወቅ ዳር ተነሥቶ በማወቅ ዳር በእግሩ ቆመ ማለት ነው። ማንበብን የተሻገረ ልጅ ያላየውን ገጽ ሲሰጡት ያነባል፤ መደመርን የተሻገረ ልጅ በገበያ ሒሳቡን አይሳሳትም።

እንግዲህ ልጅ ሳይሻገር ሊዛወር ይችላል። ይህም ማለት ከታንኳው ሳይወርድ ወደ ሌላ ታንኳ ተጫነ ማለት ነው። በየዓመቱም ውሃው እየጠለቀ ይሄዳል፤ በታችኛው ክፍል ፊደል ያልለየ ልጅ በላይኛው ክፍል የታሪክና የሳይንስ መጽሐፍ ይጠብቀዋልና። ከዚያ ወዲያ ትምህርቱን ቢተው ሰው ሁሉ «ሰነፍ ነው» ይለዋል፤ በእውነቱ ግን ከጥልቁ ስፍራ ብቻውን ተትቶ የሰጠመ ነው።

ሽማግሌዎችም አሻጋሪዎች ናቸው

ማሻገር የመምህር ብቻ ሥራ አይደለም። በመስከረም 2011 ዓ.ም. በቡራዩ በጋሞ ተወላጆች ላይ የደረሰው ጥፋት በአርባ ምንጭ በተሰማ ጊዜ ወጣቶች በቍጣ ተነሥተው ለበቀል ወጥተው ነበር። የጋሞ አባቶች ግን እርጥብ ሣር በእጃቸው ይዘው በመንገዱ ላይ ወጥተው ተንበረከኩ። በጋሞ ሥርዓት እርጥብ ሣር የያዘ አባት ሲለምን አልፎት መሄድ ነውር ነውና ወጣቶቹ ተመለሱ።

ይህን ሥራ በሚዛናችን ብንመዝነው አራቱም ነገሮች ይገኙበታል። የሚለቁት ዳር ቍጣው ነው፤ የሚያሰጋው ውሃ ደም መፋሰሱ ነው፤ የደረሱበት ዳር ሰላሙ ነው። አሻጋሪዎቹም በሩቅ ሆነው ምክር አልላኩም፤ በቍጡው ሕዝብ ፊት ራሳቸው ወጥተው ተንበረከኩ እንጂ። ይህ በእውነት ከታንኳው ገብቶ ማሻገር ነው። ልጆቻችን «አሻጋሪ» ማለትን ሲማሩ ይህን ሥራ በምሳሌነት ቢሰሙ ይገባቸዋል።

ይህን ቃል እንዴት እናስተምረው?

ፊተኛው ምክር፣ ሰሙን ማሳየት ነው። ትምህርት ቤቱ ለሐይቅ ወይም ለወንዝ ቅርብ ከሆነ መምህሩ ከአንድ ውሃውን ከሚያውቅ ሽማግሌ ጋር ልጆቹን አዞ ከማይደርስበት ከፍ ካለ ስፍራ አቁሞ ሁለቱን ዳር ያሳያቸው። ሽማግሌውም ውሃው መቼ እንደሚቈጣ፣ ነፋሱ ከየት እንደሚመጣ፣ ስንት ሰው እንደሚጫን ይንገራቸው። ውሃ ከሌለም በሰሌዳ ላይ ይሣል።

ሁለተኛው ምክር፣ ከልጆቹ አፍ መፍቻ ቋንቋ መጀመር ነው። በጋሞ አገር ልጅ ትምህርቱን በጋምኛ ይጀምራል፤ በሐይቁ ዙሪያም ወላይትኛ፣ የጉጂ ኦሮምኛና ባይሶ ይነገራሉ። መምህሩ፣ «በቤታችሁ መሻገርን ምን ትሉታላችሁ? ለሌላ ነገርስ ትናገሩበታላችሁን?» ብሎ ይጠይቅ፤ የሰጡትንም በሰሌዳው ላይ ይጻፍ። ከአንዱ ቋንቋ ወደ ሌላው መድረስ ራሱ መሻገር ነውና፣ ልጁ የተነሣበትን ዳር ሳይንቅ ወደ ማዶ እንዲደርስ ያደርገዋል። በዚህም ላይ መምህሩ የቃልን ዘር በመልኩ ብቻ እንዳይፈርድ ይጠንቀቅ። ባማርኛ «አባያ» ማለት ማረስ እምቢ የሚል ሰነፍ በሬ ነው። የሐይቁ ስም ግን ከዚህ አልመጣም፤ በጋምኛና በወላይትኛ ሐይቅና ባሕር «አባ» ይባላልና መነሻውን በዚያው በአገሩ ቋንቋ መፈለግ ይገባል።

ሦስተኛው ምክር፣ ቃሉን ከሒሳብ ጋር ማገናኘት ነው። ርዝመቱ 6 ሜትር፣ ስፋቱ 1.5 ሜትር የሆነ እንደ ሳጥን የተሠራ ጀልባ ቢኖር፣ የታችኛው ስፋቱ 9 ሜትር ካሬ ነው። ይህ ጀልባ 1 ሳንቲ ሜትር ዝቅ ሲል 90 ሊትር ውሃ ይገፋል፤ 90 ሊትር ውሃም 90 ኪሎ ይመዝናል። ስለዚህ አንድ ሰው ከነጓዙ 90 ኪሎ ቢሆን፣ በእያንዳንዱ ሰው ጀልባው 1 ሳንቲ ሜትር ዝቅ ይላል። የባዶው ጀልባ አፍ ከውሃው በላይ 18 ሳንቲ ሜትር ከነበረ፣ 8 ሰው ሲገባ 10 ይቀረዋል፤ 15 ሰው ሲገባ ግን 3 ብቻ ይቀረዋል፤ ያን ጊዜ የታናሽ ማዕበል ውሃ እንኳ ወደ ውስጥ ይገባል። ልጆች ይህን ቈጥረው ሲያገኙት የሽማግሌው ባለ ታንኳ እምቢታ ክፋት እንዳልነበረ ያውቃሉ፤ ምናልባትም አንድ ቀን ከተጨናነቀ ጀልባ ላይ ከመውጣት ይድኑበታል።

አራተኛው ምክር፣ ዐረፍተ ነገር ማሠራት ነው። «ወንዙን ተሻገረ»፣ «ዓመቱን ተሻገረ»፣ «ወደ ሌላ ቀበሌ ተዛወረ»፣ «ፈተናውን አለፈ» እያሉ ልጆቹ ለየብቻ ይጻፉ፤ ከዚያም ቃሉ የተስማማበትንና ያልተስማማበትን አራቱን ነገር እየፈለጉ ይለዩ።

አምስተኛው ምክር ለልጆቹ ያይደለ ለእኛ ለራሳችን ነው። ዓመቱ ሲፈጸም በካርዱ ላይ «ተዛውሯል» ብለን ከመጻፋችን አስቀድሞ እያንዳንዱን ልጅ ለብቻው ጠርተን ያላየውን አንድ ገጽ እናስነብበው። ሽማግሌዎችም በቤት የመጣውን ደብዳቤ ለልጁ ሰጥተው ያስነብቡት። ያልተሻገረ ቢገኝ መቈጣት አይገባም፤ ቀዛፊ የቀረበትን ሰው ለማምጣት ተመልሶ እንደሚሄድ፣ ከክረምቱ ዕረፍት ጥቂት ቀን ተወስዶ ይመለሱለት። ሁለት ወይም ሦስት ማንበብ የሚችሉ ተማሪዎች ከአንድ ከሚያዳግተው ልጅ ጋር ተቀምጠው በየቀኑ ጥቂት ቢያነቡ ብዙ ይጠቅማል፤ እነርሱም በዚሁ ማሻገርን ይለማመዳሉ።

ማጠቃለያ

ኢያሱ ሕዝቡን ዮርዳኖስን ባሻገረ ጊዜ ከወንዙ መካከል 12 ድንጋዮች አውጥተው በደረሱበት ዳር አቆሙ። ይህም የሆነው ወደ ፊት ልጆች ስለ ድንጋዮቹ ሲጠይቁ አባቶች እንዲነግሯቸው ነው። ካህናቱም ሕዝቡ ሁሉ ተሻግሮ እስኪያልቅ ድረስ ከወንዙ መካከል ቆመው ነበር፤ ቀድመው አልወጡም። የአሻጋሪ ሥርዓት ይህ ነው።

እንግዲህ መምህራን ወንድሞቼና እኅቶቼ፣ እናንተም የአገር ሽማግሌዎች፣ «መሻገር» የሚለውን ቃል ስንናገር ውሃውን አንርሳ። በመዝገብ ላይ የምንጽፈው ቍጥር የዚህኛው ዳር ቍጥር ነው። በወዲያኛው ዳር ግን እናቶች ቆመው ይቈጥራሉ። እኛም የምንቈጥረው ከእነርሱ ጋር፣ በዚያው ዳር ቆመን ይሁን።